ከታክሲ መስኮት ማማተብ

መርካቶ ፎቅ ላይ፣ ከጎኔ ያለው ሱቅ የሐጂ ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ገበር ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እኔ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ። አዛን በተሰማ ቁጥር «ልጄ፣ አደራ ሱቋን» ብለው ደረጃውን ይወርዳሉ። ገበያው ቢደራ፣ ዝናብ ቢወርድ፣ እሳቸው እቴ! እሳቸው ከፈጣሪያቸው ጋር ሲነጋገሩ ከደንበኛቸው ጋር የምጨቃጨቀው እኔ ነኝ።

ክፉ ሴት ናት በሉኝ፣ ግድ የለም። ምን ያህል ክፉ እንደሆንኩ እኔው ልንገራችሁ።

ዐምና ዓይኔን ሞራ ጋረደው። የእኔ ሥራ ደግሞ ልብስ ሰፊው ከሚያመጣው ቁራጭ ጨርቅ ጋር የሚሄደውን ክር መምረጥ ነው። ለጥቁር ሱሪ ጥቁር ሰማያዊ ክር ሸጥኩ። ሰውዬው ሰፍቶ ጨርሶ ፀሐይ ላይ ሲያወጣው ጉዱ ፈላ፤ ሱሪውን ተሸክሞ መጥቶ ፎቁን ሁሉ ሰበሰበብኝ። ሐኪሙም ቀዶ ጥገናው ይሳካል ብሎ ቃል አልሰጠኝም።

እውነቱን ልናገር፣ አልጸለይኩም። በክር የምትኖርን ሴት ዓይን መንሳት ምን የሚሉት ነው ብዬ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ሹራብ ነው። ተራ አረንጓዴ ሹራብ ነው፤ እንደዚያ ያለ አረንጓዴ ግን አይቼ አላውቅም። ለኩርፊያዬ የተሰጠኝ መልስ ይኸው ነበር።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ምንም። ቤተ ክርስቲያኑ መንገዴ ላይ ነው፤ ከታክሲ መስኮት አማትቤ አልፋለሁ፤ ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል እሱንም አቋርጣለሁ። እሁድ መርካቶ ዝግ ነው እንዳትሉኝ፤ እሁድ ልብስ አጥባለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ፣ እግሬን ዘርግቼ እተኛለሁ። ለሁሉም ጊዜ አለኝ፤ ዓይኔን ላበራልኝ ብቻ የለኝም። በራሴ እበሽቃለሁ፤ እሱ ሲሰለቸኝ በሐጂ እበሽቃለሁ።

በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ከቀትር ስግደታቸው ሲመለሱ አፌን መያዝ አቃተኝ።

«እርስዎስ ታድለዋል ሐጂ፤ ሱቅ ጠባቂ አለዎት። እኔ ቅዳሴ ልሂድ ብል ማን ይጠብቅልኛል?»

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ነን። አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

«በይ ሂጂ» አሉና በርጩማቸውን አምጥተው እኔ በር ላይ ተቀመጡ። ነጠላዬን ስቤ ወጣሁ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ እያጉረመረምኩ ነው የሄድኩት። የጾም ቅዳሴ ነውና ገና አላለቀም። ለእግዚአብሔር የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋብኝ። የመጋረጃው ጠርዝ ላይ ያለው ክር አንድ በአንድ ይታየኛል፤ ቀዩ፣ ወርቃማው፣ ሁሉም። ወድቄ ሰገድኩ። ተነሥቼ ደግሞ ሰገድኩ። ምንም አልለመንኩም፤ አልቅሼ አመሰገንኩት።

ስመለስ ሐጂ እንደተቀመጡ ናቸው። «አንድ ልብስ ሰፊ መጥቶ ነበር፤ ክሩን ራስህ ምረጥ አልኩት» አሉኝ።

«ምነው፣ እርስዎ አይመርጡለትም?»

«እኔ ቀለም መለየት ካቃተኝ ቆየ፣ ልጄ። የእኔን ዓይን ሐኪሙ አይድንም ብሎኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ ሁልጊዜ ተቆጥተሻል፤ መቼ ልንገርሽ?»

የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተነሡ፤ «አደራ ሱቋን» አሉኝ። ግድግዳውን ይዘው፣ እያንዳንዱን ደረጃ በእግራቸው እየዳበሱ ወረዱ። በየቀኑ እንዲሁ ነበር የሚወርዱት፤ እኔ በዳነው ዓይኔ ሰዓት ነበር የምቆጥርባቸው።