የሀዋ ከርከዴ በራሱ ስም

ልጅ እያለሁ አሶሳ ውስጥ ለስላሳ የሚባለው ነገር ከመሀል አገር በጭነት መኪና የሚመጣ ነበር። መኪናው ገበያው አጠገብ ሲደርስ የጠርሙሶቹ ኳኳታ ሰፈራችን ድረስ ይሰማል። መጠጡ ባይደርሰንም ቆርኪውን ለቅመን፣ በድንጋይ ጠፍጥፈን፣ በክር እያሽከረከርን እንጫወትበት ነበር።

እናቴ ሀዋ ደግሞ ከአበባ የሚፈላውን ከርከዴ ትሸጥ ነበር። ቀዩን አበባ ጓሯችን ተክላ፣ ለቅማ፣ ጥላ ሥር ታደርቀዋለች። ከዝንጅብልና ከትንሽ ቅርንፉድ ጋር ስታፈላው ግቢው ጉሮሮ የሚከፍት፣ ጎምዘዝ ያለ ሽታ ይሸታል። አጥልላ፣ ስኳር ጨምራ፣ በጆግ ይዛ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ትቀመጣለች። ከእረፍት ስንመለስ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ምላሱ ቀልቶ አስተማሪያችን ይስቁብን ነበር።

የከተማው ለስላሳ አከፋፋይ ጋሽ መኮንን ይባላሉ፤ ከወሎ መጥተው አሶሳን አገሬ ያሉ ነጋዴ። ከርከዴን «የመንደር ነገር» እያሉ ያጣጥሉት ነበር። ታዲያ አንድ ዓመት ግንቦት ላይ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ድንኳን ካስተከሉ በኋላ ዝናቡ ቀድሞ ጣለ። ለሠርጉ የተጫነው ለስላሳ ወለጋ መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት ቀረ። የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ጋሽ መኮንን ቤታችን መጡ።

«ሀዋ፣ እጅሽ ላይ ወድቄያለሁ» አሉ። «ባዶ ጠርሙስ መጋዘን ሙሉ አለኝ። ከርከዴሽን በሱ እንሙላውና ቆርኪ እንምታበት። እንግዳው ከመሀል አገር የመጣ አዲስ ለስላሳ ነው ብሎ ይጠጣዋል። እንደ ሥራሽ እከፍልሻለሁ።»

ልቤ ዘለለ። የቤታችን ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ በዚያ ገንዘብ ቆርቆሮ ይገዛል ብዬ አሰብኩ። እናቴ ግን ራሷን ነቀነቀች። አፏን የፈታችው በቤርታ ቋንቋ ስለሆነ በአማርኛ አንተንና አንቱን አትለይም ነበር።

«ጋሽ መኮንን፣ ከርከዴ እሰጥሃለሁ። ወላሂ፣ ሠርግህ አይበላሽም። ግን የሰው ልብስ አይለብስም። ስሙ ከርከዴ ነው፣ እኔም ሀዋ ነኝ። እንዲህ ተብሎ ይገባል።»

«ሰው ይስቅብኛል እኮ!»

«ይጠጣ፣ ከዚያ ይሳቅ።»

ጋሽ መኮንን ተነሥተው ወጡ። እኔ ለቆርቆሮው አለቀስኩ፤ እናቴ ግን የደረቀውን አበባ መልቀሟን ቀጠለች። ከሰዓት በኋላ ሰውየው ስኳር በኩንታል አሸክመው ተመለሱና «እንዳልሽ ይሁን» አሉ። የጎረቤት ሴቶች ትልልቅ ብረት ድስት እየያዙ መጡ። በቤርትኛ፣ በኦሮምኛ፣ በወሎ አማርኛ እየተሳሳቁ ሲያማስሉ ዋሉ። የሁሉም እጅ ቀላ።

በማግስቱ እናቴ ምርጥ ቶቧን፣ ሰፊውን መጎናጸፊያዋን፣ ተከናንባ ጆጓን ይዛ ድንኳን ገባች። የሙሽራው አባት ቀምሰው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉና «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የጋሽ መኮንንን አፍ አፍ አየሁ።

«ከርከዴ ነው» አሉ ጋሽ መኮንን ከመቀመጫቸው ተነሥተው። «የሀዋ ከርከዴ። እዚሁ አገራችን የተሠራ።»

ሽማግሌው ጭልጥ አድርገው ጠጡና ብርጭቋቸውን እንደገና ዘረጉ። ሌላውም ተከተለ። እናቴ በዚያ ድንኳን ውስጥ ቀና ብላ ስትቀዳ፣ ከሙሽራይቱ ይልቅ የማየው እሷን ነበር።

ጋሽ መኮንን ከዚያ በኋላ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ጠርሙሱ ላይ እያስለጠፉ ከርከዴዋን ባምባሲና ኩርሙክ ድረስ ወሰዱላት። ዛሬ ማሸጊያ ማሽን አለን፤ ሥራውን ታናሽ እህቴ ታስተዳድረዋለች። አበባውን የሚያመርቱልን ሴቶች ብዙ ናቸው። ያኔ የእኛ የሆነው ነገር ሁሉ ከመሀል አገር ከመጣው ያነሰ ይመስለን ነበር። የዛሬ ልጆች ግን የሀዋንና የአሶሳን ስም የያዘ ጠርሙስ ከሱቅ መደርደሪያ ሲያወርዱ ምንም አይደንቃቸውም። ይህ አለመደነቃቸው ደስ ይለኛል።

በቅርቡ ለሥራ ግልገል በለስ ሄጄ ምሳ ቤት ገባሁ። አስተናጋጇ ያሏትን ለስላሳዎች ስትጠራልኝ «ሀዋ» ብላ ጀመረች። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ማን እንደሆንኩ ሳልነግራት አዘዝኩና ወዲያው ለእናቴ ስልክ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ግልገል በለስ ሆኜ ያንቺን እየጠጣሁ ነው!»

ሳቋን እየዋጠች ጠየቀችኝ፦

«በደንብ ቀዝቅዟል?»