ክብሪቷ ዳገት ስትወጣ

የእትዬ መጋረጃን ቤት ለማግኘት ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም። ደጃፉ ላይ ሚጢጢ መኪና ቆማ ካያችሁ፣ የኋላ መዝጊያዋ በገመድ ታስሮ ረዥም ዘንግ ካሾለከ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይም ቀይ ጨርቅ ከተንጠለጠለ፣ ደርሳችኋልና አንኳኩ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ ይልና ከውስጥ «ክፍት ነው፣ ግቡ» ትላለች። አፏ ውስጥ ስፒል ስለማይጠፋ ቃሉ ትንሽ ይታፈናል።

መጋረጃ ትሰፋለች፣ የሰፋችውንም ራሷ ሄዳ ትሰቅላለች። ድሮ የምትሰፋው በታላቅ ወንድሟ ሱቅ ውስጥ ነበር። ወንድሟ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ሰፊ ነው፣ ባለ መስታወት ነው። እሷ የምትቀመጠው ከሱቁ በስተኋላ ካለችው ጓዳ ነበር። ደንበኛ መጋረጃውን በእጁ እየዳበሰ «የማን ሥራ ነው?» ሲል፣ ሻጩ «የሱቃችን ነው» ይላል። እሷም ከጓዳ ሆና ትሰማለች። ለዓመታት ሰማች። አንድ ቀን መቀሷን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ ወጣች። አልጮኸች፣ በር አልወረወረች፤ ብቻ ወጣች። ወንድሟ ግን ዛሬም ድረስ ለምሳ እንደወጣች ሠራተኛ ነው የሚጠብቃት።

ለራስ መሥራት እንደታሰበው አልሆነም። መስፋቱ አላስቸገራትም፤ መከራዋ ዘንጉ ነበር። የመጋረጃ ዘንግ አይታጠፍም፣ አይጠቀለልም፣ ዘንቢል ውስጥ አይገባም። አውቶቡስ ላይ ይዛው ስትወጣ ረዳቱ «ጦር ሜዳው በዚህ አይደለም፣ እናት» ይላታል፤ ተሳፋሪው ይስቃል፤ እሷ አንገቷን ደፍታ ትወርዳለች። ከዚያ ዘንጉን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ጨርቁን በጀርባዋ ተሸክማ በእግሯ ትሄዳለች። መታጠፊያ ላይ ስትዞር ከኋላዋ የሚመጣ ሰው ጎንበስ ይላል። ያ ዘንግ የተኛበት ትከሻዋ ከሌላኛው ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ለራሷ ሸሚዝ ስትሰፋ በዚያ በኩል ቀነስ አድርጋ ነው የምትቆርጠው።

መኪናዋን የገዛችው ጡረታ ከወጣች ነርስ ነው። ከርካሾቹ ሁሉ ርካሿ፣ ከትንንሾቹም ትንሿ ነበረች። ነርሷ ቁልፉን ስታስረክብ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ የታማሚ ጠባይ እንደምታስረዳ ሁሉ፣ «በሩን ስትዘጊ ትንሽ ወደ ላይ አንሺው። የኋላውን መስኮት አትክፈቺው፣ ተመልሶ አይዘጋም። ዝናብ ሲመጣ ከሁለቱ መጥረጊያዎች የሚሠራው አንዱ ነው፤ እሱም ባንቺ በኩል ያለው አይደለም» አለቻት።

እትዬ መጋረጃ መኪናዋን ጋራዥ የወሰደቻት ወዲያው ነው። መካኒኩ መጥረጊያውን አስተካከለላትና ሌላ ምን እንዲሠራ እንደምትፈልግ ጠየቃት።

«የፊቱን ወንበር አውጣልኝ። የኔን አይደለም፣ የጎኑን።»

«እንግዳ የት ሊቀመጥ ነው?»

«ከኋላ። እዚህ ዘንግ ነው የሚቀመጠው።»

ወንበሩ ወጣ። ዘንጉ ከፊት ከእግር ማሳረፊያው ተነስቶ በባዶው ቦታ አልፎ በኋላ መዝጊያው ክንድ ያህል ብቅ አለ። የወጣው ወንበር የስፌት ክፍሏ ውስጥ ከነቀበቶው ተቀመጠ፤ አብራት የምትኖረው እናቷም ያዘችው። እናትየው ሲደክማት መደገፊያውን ወደ ኋላ ታስተኛዋለች፣ እንግዳ ሲመጣ ቀጥ ታደርገዋለች። መኪናው ውስጥ ስትገባ ደግሞ ከኋላ ትቀመጥና ለሰፈሩ ሰው እንደ ሹም እጇን ታውለበልባለች።

ወንድምየው መኪናዋን ገና እንዳያት «የክብሪት ቀፎ» አላት።

«ይሁና፣ ክብሪት ናት» አለች እህቱ። «ታዲያ እንዳትነካት።»

ስሟ በዚያው ጸና። ክብሪቷ ባትቆነጅም ባለቤቷን የትም አደረሰቻት። ችግሯ ዳገት ነበር። ባለፈው ክረምት ከከተማው ጫፍ ያለውን ትልቁን ዳገት ስትወጣ፣ ግማሽ ላይ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። ወንድምየው ተጠርቶ ቁመተ ረዥም መኪናውን ይዞ መጣ፤ በገመድ ጎትቶ አወጣት። ገመዱ ተፈታ፤ ነገሩ ግን አልተፈታም። እሁድ በመጣ ቁጥር ከምሳው ጋር ይቀርባል።

ያን እሁድም ቀረበ።

«ያቺን የክብሪት ቀፎ መቼ ነው የምታሰናብቻት?» አለ ወንድምየው ሾርባውን እያማሰለ።

«ምን አደረገችህ፣ ጋሼ?»

«ጎትቻት አልነበር? ያየ ሁሉ ‹የሱ እህት ናት› ይላል።»

«ነኝ እኮ።»

«እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።»

እናትየው ከመኪና ወንበሯ ላይ ሆና ፈገግ አለች። እሱ ግን ማንኪያውን አስቀመጠ። «ስሚኝ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ለተሠራው እንግዳ ማረፊያ መጋረጃውን አንቺ እንደምትሠሪ ሰምቻለሁ። ጎሽ። አልጋና ቁም ሳጥኑን የማስገባው እኔ ነኝ። ዕቃሽን እኔ ላይ ጫኚ። ከዚያ ወዲያም መንከራተቱ ይብቃሽ፤ ጓዳው እንደሆነ ባዶውን ነው።»

ደግ ለመሆን ነው ያለው፤ ይህን ታውቃለች። ግን ከእሱ መኪና ጋር የእሱ ሰዓት ይመጣል፤ ከሰዓቱ ጋር ጓዳው ይመጣል፤ ከጓዳው ጋር ያ «የሱቃችን ነው» የሚለው ድምፅ ይመጣል። ጉርሻዋን ወደ ሳህኑ መለሰችው።

«በራሴ መኪና ነው የማደርሰው» አለች።

«ያንን ዳገት? ባዶዋን አቅቷት የለ እንዴ?»

«በራሴ መኪና።»

«ካልወጣችስ?»

ቀና ብላ አየችው። በዚያ ገበታ ላይ ወንድሟን እንዲህ ትክ ብላ አይታው አታውቅም። «ካልወጣች እሸጣታለሁ። መቀሴንም ይዤ ጓዳህ እገባለሁ። ከወጣች ግን፣ ጋሼ፣ በዚህ ቤት ስለ መኪናዬ ሁለተኛ አፍህን አትከፍትም።»

እናትየው የወንበሩን መደገፊያ ቀጥ አደረገች። «ዳኛዋ እኔ ነኝ» አለች።

 በማግስቱ ማለዳ ጋራዡ በር ላይ ነበረች።

እንደ ክብሪቷ ያሉ ትንንሽ መኪኖች ባለቤቶች የሚገናኙት እዚያ ነው። የመካኒኩ አግዳሚ ላይ ተሰልፈው፣ ሆስፒታል በር ላይ ወረፋ እንደሚጠብቁ ዘመዶች ተራቸውን ይጠብቃሉ። የዚያን ቀን አንድ አስተማሪ፣ አንዲት ፋርማሲስትና አንድ ዳቦ አከፋፋይ ነበሩ።

«የኔዋ ብርድ አትወድም» ይላል አስተማሪው። «ጠዋት ካልለመንኳት አትነሳም።»

«የኔዋን ደግሞ ዝም ብለህ ብትገፋት ትነሳለች» አለች ፋርማሲስቷ። «እኔ እገፋለሁ፣ ባሌ መሪ ይይዛል። ሰው እሱን ነው የሚሰድበው።»

«ሽጣት አትበሉኝ ታዲያ!» አለ አስተማሪው። «ልጆቼን በሙሉ ትምህርት ቤት ያደረሰችው እሷ ናት። አንድ ቀን ነዳጅ አልቆባት እንኳ ሽታው አደረሰን።»

ሳቁ ሲያባራ እትዬ መጋረጃ የዳገቱን ነገር ነገረቻቸው። አግዳሚው ላይ ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ያንን ዳገት ያውቀዋል። ዳቦ አከፋፋዩ ግን ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ግራ ቀኝ አየ።

«እትዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪ እንጂ እኔ በየቀኑ እወጣዋለሁ።»

«በዚች?»

«በዚችው። ወደ ኋላ።»

«ወደ ኋላ ምን?»

«ወደ ኋላ ነዋ። ከግርጌው አዞራትና በኋላ ማርሽ እወጣለሁ። ሰው ሳይነሳ፣ ገና ሳይነጋ። ማን አይቶኝ?»

አስተማሪው አቀረቀረ። «እኔም አንዴ… ማምሻውን ነው ታዲያ። ኮፍያ አድርጌ።»

መካኒኩ ከመኪና ሥር ሳይወጣ ድምፁ መጣ፦ «የኋላ ማርሿ ከአንደኛው ይበረታል። ጉልበቷ የፊት ጎማዋ ላይ ነው፤ ፊቷን ወደ ታች ስታደርጓት ክብደቱ እዚያው ይወርድና መሬቱን ትቆነጥጣለች። ለሁላችሁም ነግሬያለሁ። ሁላችሁም አፍራችሁ እየተደበቃችሁ ታደርጉታላችሁ።»

እትዬ መጋረጃ ወደ ቤቷ ስትመለስ ይህንኑ ስታብሰለስል ነበር። ወንድሟ የቀጠረው በቀትር ነው። ዳገቱ ግራና ቀኙ ሱቅ ነው፤ ጫማ ሠሪው፣ ባለ ጎሚስታው፣ ፀጉር አስተካካዩ ሁሉ ደጅ ደጁን ነው የሚውለው። ከአውቶቡስ የወረደችበት ሳቅ ትዝ አላትና ፊቷ ጋለ። ቆይታ ግን ለባዶው ቦታ፣ ለዘንጉ መቀመጫ፣ «እስቲ ይሳቁ» አለችው።

ቀኑ ደረሰ። መጋረጃው ተጣጥፎ ከኋላ እስከ ጣሪያው ተጫነ፤ ዘንጎቹ ባንድ ታስረው ባዶው ቦታ ላይ ተጋደሙ፤ ቀይ ጨርቁ ጫፋቸው ላይ ታሰረ። ወንድምየው እናቱን ከጎኑ አስቀምጦ በረዥሙ መኪናው ከኋላ ተከተላት። ዳኛዋ ለበዓል እንደሚለበስ ለብሳለች።

ግርጌው ላይ እትዬ መጋረጃ አንደኛ ማርሽ አስገባች። የምታውቀውን መንገድ እንኳ ሳትሞክር መተው ደስ አላላትም። ክብሪቷ ጮኸች፣ ተንገጫገጨች፣ ጥቂት ወጣችና ቀጥ አለች። ከኋላዋ የፍሬን ድምፅ ተሰማ።

ወንድምየው አንገቱን በመስኮት አወጣ። «በቃ፣ እህቴ። ገመድ ይዣለሁ።»

«አስቀምጠው፣ ጋሼ። ትንሽ ጠጋ በልልኝ፣ ልዞር ነው።»

«ልትመለሺ ነው?»

 ቀስ እያለች ወደ ግርጌው ሜዳ ወረደች፣ መሪውን እስከ ጥጉ ጠመዘዘች፣ የክብሪቷን ፊት ወደ ከተማው፣ ጀርባዋን ወደ ዳገቱ አደረገች። የኋላ ማርሽ አስገባች። ጭነቱ የኋላውን መስታወት ስለሸፈነው አንገቷን በመስኮት አውጥታ ወደ ኋላ ተመለከተች። ከዚያም የፍሪሲዮን ፔዳሉን በዝግታ ለቀቀች።

ክብሪቷ ወጣች።

ቀይ ጨርቁ ከፊት እየመራ፣ ዘንጎቹ ተከትለው፣ የመኪናዋ ጀርባ ተከትሎ፣ የባለቤቷ ፊት መጨረሻ ላይ ሆኖ ዳገቱን ያዙት። ወንድምየው መከተል ነበረበት። ተከተለ። በዚህ የተነሳ ሁለቱ መኪኖች አፍ ለአፍ ገጠሙ፤ እህትና ወንድም በሁለት መስታወት መካከል፣ በቀትር፣ ሕዝብ እያየ፣ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ከመንገዱ ላይ ዓይኗን ነቅላ ወደ ፊት ባየች ቁጥር የምታየው እሱን ነው። መጀመሪያ አፉ ተከፍቶ ነበር። ቀጥሎ ግራ ቀኙን አየ፣ ማን እንዳየው ሊያይ። ቀጥሎ አንገቱ ወደ ኮሌታው ገባ። እናትየው ከጎኑ ሆና እጇን ለሱቆቹ ታውለበልባለች።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ወጣ፤ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ደንበኛም ተከተለው።

«እትዬ፣ ፊቷ በዚያ በኩል ነው እኮ!» አለ ባለ ጎሚስታው።

«አውቃለሁ። አመሏ ነው።»

«እየሸሸሽ ነው ወይስ እየሄድሽ ነው?»

«አንተ ብቻ ጎማህን ንፋ።»

ሳቁ ከሁለቱም ወገን ወረደባት። ጆሮዋ እስኪቃጠል ቀላች፤ እግሯን ግን ከነዳጁ ላይ አላነሳችም። ባለፈው የቆመችበት መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ሳል ጀመረው፣ የተቃጠለ ነገር ሸተታት። «እናቴ፣ የኔ እመቤት፣ ጓዳ ሊያስገቡን ነው» አለቻት መኪናዋን በሹክሹክታ። ክብሪቷ ሳሏን ዋጠች። ጎማዋ አስፋልቱን ቆነጠጠ፣ ጎተተ፣ ወጣ።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት በሩ ላይ ቆመው ነበር። መጀመሪያ ያዩት ቀይ ጨርቅ ነው፤ ቀጥሎ ዘንግ፤ መኪናዋ ስትታይ ወደ ጎን ዘለል አሉ።

ወንድምየው በሩን ወርውሮ ወረደ። «ይሄ አይቆጠርም! ወደ ኋላ መውጣት አለ እንዴ?»

እትዬ መጋረጃ የእጅ ፍሬኑን ሳበች።  በሩን ትንሽ ወደ ላይ አንስታ ዘጋችው። «ዳኛዋን ጠይቅ።»

እናትየው ለመውረድ ስትታገል ነበር፤ የልጇ መኪና ቁመቱ አላመቻትም። መሬት ስትረግጥ ነጠላዋን አስተካከለች። «ከወጣች ነው የተባባላችሁት። ወጣች» አለች። «ፊቷን በየት ታድርግ የሚል አልሰማሁም። ደግሞ ያንተው መኪና ስታወርድ ሰው ታንኳስሳለች።»

ወንድምየው አፉን ከፈተ። ሦስት ሴቶች ያዩታል፤ ሦስተኛዋ ክብሪቷ ናት፣ ሞተሯ ገና ትክ ትክ ይላል። አፉን መልሶ ዘጋው።

ትልቁ ሳሎን ውስጥ ዘንጉን ለመስቀል ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እትዬ መጋረጃ መሰላል ላይ ወጥታ አንዱን ጫፍ ያዘች፤ ሌላውን የሚይዝ ሰው ፈለገች። ወንድምየው በመስኮቱ መንገዱን እያየ ቆሟል። ከታች ባለ ሱቆቹ ያዩትን እያነሱ ገና ተሰብስበው ያወራሉ።

«ጋሼ፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

መጥቶ ያዘ። ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

«ከፍ። ትንሽ ዝቅ። ቀጥ አድርገው።»

«ቀጥ ነው።»

ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አስተዋለች።

«ትንሽ ወደ ኋላ» አለች።

ቀና ብሎ አያት፤ እየቀለደች እንደሆነ ሊያውቅ ፈለገ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ስፒሎቹ ብቻ ያብለጨልጫሉ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።