ሥጋ ቆራጩ ጾመኛ

አባቴ ዐቢይ ጾምን በሙሉ የሚጾመው የተጠበሰ ሥጋ አጠገብ ቆሞ ነበር። ዳውንታውን ካሉት አሮጌ የቁማር ካዚኖዎች በአንዱ፣ ቡፌው ጋ፣ ነጭ ጃኬት ለብሶና ረጅም ነጭ ቆብ ደፍቶ፣ ከማሞቂያ መብራት ሥር የተጋደመውን የበሬ ጥብስ ለተሰለፈው ሰው እየቆረጠ ይሰጣል። አሜሪካ ከገባን ጀምሮ ሌላ ሥራ አልሠራም። ማታ ቤት ሲመጣ ሽታው ከእሱ ቀድሞ ሳሎን ይገባል። እናቴ ከወጥ ቤት ሆና "ያንን ጃኬት መኪና ማቆሚያው ጋ አውልቀው! ጾማችንን ልታስገድፈን ነው እንዴ?" ትለዋለች።

ሥራውን በጀመረ ሰሞን ነገሩ አሳስቦት የነፍስ አባቱን ጠየቃቸው። እየደጋገመ ስላጫወተን ንግግሩን በቃሌ ይዤዋለሁ።

"ትቀምሰዋለህ?" አሉት።

"ኧረ አልቀምስም አባቴ።"

"ታሸተዋለህ?"

"አፍንጫዬን የት ላድርገው አባቴ?"

ቄሱም "እንግዲያው ስትቆርጥ ጸሎት አድርግ" ብለው አሰናበቱት። ከዚያ በኋላ አባቴ ውዳሴ ማርያም እየደገመ ይቆርጥ ጀመር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያዩ እንግዶች፣ የሙያ ሚስጥር የሚያሰላ ትልቅ ሼፍ መስሏቸው ሳህናቸውን ይዘው በአክብሮት ይጠብቁታል።

የሚያስጨንቀው "ዛሬ ሥጋው እንዴት ነው?" ብለው ሲጠይቁት ነበር። አልቀመሰውም፤ ጥሩ ነው ማለት አይችልም። "ትናንት የበሉት ሰዎች ዛሬም መጥተዋል" ብሎ ይመልሳል።

"ጥሩ ነው ብትል ምን አለበት?" አልኩት አንድ ቀን።

"ከሥጋ ጾሜ በውሸት ልገድፍ?" አለኝ።

ከአለቃው ጋር ያጋጨው ግን ጾሙ ሳይሆን ቸርነቱ ነው። አንድ ሰው በቃኝ ሲል አባቴ አያምንም። እኛ ዘንድ እንግዳ በመጀመሪያው ዙር በቃኝ ይላል፣ በሁለተኛውም ይላል፤ የሚያቀርበው ሰው ግዴታ ደግሞ አለመስማት ነው። ስለዚህ አባቴ በእጁ ሳህኑን ያዝ አድርጎ፣ ለእኔ ስትል፣ አንዲት ብቻ፣ እያለ ይጨምራል። አንዲት አሮጊት ሳህናቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ሲሸሹት አንድ ቁራጭ ይዞ ተከተላቸው አሉ። ሱፐርቫይዘሩ ቢሮ ጠርቶ፣ ሰዎች በቃኝ ካሉ በቅቷቸዋል ማለት ነው ብሎ በዝግታ አስረዳው። አባቴ ቤት መጥቶ ራሱን እየነቀነቀ "ምስኪን፣ ሰው ቤት ተጋብዞ አያውቅም" አለ።

በእረፍት ቀኑም ቢላዋ አያስቀምጥም። ሠርግ፣ ክርስትና፣ የፋሲካ ድግስ ሲኖር ብልት የሚያወጣው እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከአባቴ እጅ ቁርጥ ያልተቀበለ ሰው ቢኖር ገና ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ብቻ ነው። ከአገር ቤት አዲስ ሰው መጣ ከተባለም ኤርፖርት ሄዶ ተቀብሎ፣ ከከተማው ዳር ሴንቴኒያል ሂልስ ሰፈር ያለው ቤታችን አምጥቶ ያበላዋል። ልጅ ሆኜ ሻንጣ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ከእኛ ጋር የሚያድር ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ታመመና ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ።

በነጋታው የእድራችን ሊቀመንበር ቤት መጡና፣ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ማን ይጽፋል አሉ። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፣ አማርኛዋም ጥሩ ነው ተባለ። መጻፉን እሺ አልኩ። ሲጽፉ ማንም አያይም። "የጻፈ ነው እንግዲህ የሚያነበው" ሲሉኝ ግን ወደ በሩ አየሁ። እኔ ሬስቶራንት ውስጥ ያላዘዝኩት ምግብ ቢመጣልኝ አመስግኜ የምበላ ሰው ነኝ።

በለቅሶ ቤት የሚነበቡ የሕይወት ታሪኮችን ሰምቼ አድጌያለሁ። ሁሉም ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ሁሉም ሰው አክባሪ፣ ተግባቢና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ስሙን ቀይሮ ለማንም ማንበብ ይቻላል። እኔ አባቴን የሚመስል ነገር ጻፍኩ። ከዚያ የአባቴ ታናሽ እህት ከዳላስ ደረሰች።

አክስቴ ወረቀቱን ተቀብላ፣ ዓይኗን ጠርጋ ማንበብ ጀመረች። አንዱ መስመር ላይ ስትደርስ እንባዋ ቆመ።

"ሥጋ ቆራጭ? ይሄ ምንድነው?"

"ሥራው ነዋ አክስቴ።"

"'በሆቴል የምግብ ዘርፍ በከፍተኛ ኃላፊነት' በይ።"

"ሥጋ ነው እኮ የሚቆርጠው።"

"እንደዛ የሚያህል ቢላዋ መያዝ ኃላፊነት አይደለም?" አለች። ቀጥላም ጠጋ ብላኝ ድምጿን ቀነሰች። "ሚጣዬ፣ አገር ቤት ያሉት ቀብሩን በስልክ ያዩታል። እኔ ማኔጀር ነው ብያቸዋለሁ።"

"መቼ?"

"በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ቀስ በቀስ ነው ያሳደግኩት።"

አባቴ ለዓመታት ኦቨርታይም ሠርቶ ያላገኘውን እድገት አክስቴ በስልክ ሰጥታው ኖሯል።

ሊቀመንበሩ ደግሞ ካዚኖ የሚለው ቃል አላስደሰታቸውም። "ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ አስከሬን ፊት፣ ካዚኖ? 'በአንድ ድርጅት' ብትይው ምን ይመስልሻል ልጄ?"

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ልማዴ ነው። አዲሱ ጽሑፍ "በአንድ ድርጅት በከፍተኛ ኃላፊነት አገልግለዋል" የሚል ሆነ። ብቻዬን ሆኜ ሳነበው አባቴ ስሙ የማይጠራ የስለላ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ይመስላል። ስቄም አልዳንኩ፤ አልቅሼም አልዳንኩ። ለአንድ ሳህን ጥብስ ያልዋሸ ሰው በውሸት ሊቀበር ነው፣ ውሸቱም የሚወጣው ከእኔ አፍ ነው። ያም ሆኖ ቃሉን ለመለወጥ ድፍረት አጣሁ።

በቀብሩ ዕለት የአባቴ የሥራ ባልደረቦች መጡ። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሺፍት ስለሚገቡ ነጭ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ነበሩ። በሩ ላይ ያሉት አስተናጋጆች ነጭ ለብሰው በሰልፍ የገቡትን ሰዎች ሲያዩ ከሌላ ደብር የተላኩ መዘምራን መሰሏቸው። ሕዝቡን እየከፈሉ አሳልፈው ከዲያቆናቱ ጎን አቆሟቸው። ሱፐርቫይዘሩም አብሯቸው ነው፤ አንድ ዲያቆን ጥላ አስይዞት ግራ ተጋብቶ ቆሟል።

ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "እነዚህ ከየት ናቸው?"

"ከድርጅቱ" አልኳቸው።

ፍትሐቱ አልቆ ስሜ ተጠራ። ወረቀቱን ከፍቼ አነበብኩ። ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ደረሰ፣ ትዳር ያዙ፣ አሜሪካ መጡ። ያቺ መስመር ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ሰው ያለቀስኩ መስሎት ሴቶቹ ሊያግዙኝ ማልቀስ ጀመሩ። ቀና ስል ከሳጥኑ ማዶ የቆሙትን ነጭ ለባሾች አየሁ። አማርኛ ስለማያውቁ ከሚባለው አንዱንም አይሰሙም፤ ግን አባቴ የት ይሠራ እንደነበር ልብሳቸው እየመሰከረ ነው። ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩት።

"ዳውንታውን ባለ ካዚኖ፣ ቡፌ ውስጥ፣ ሥጋ ቆራጭ ነበሩ" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። "በጾም ሲቆርጡ ውለው አንድም ቀን አልቀመሱም። በፍስኩም እናንተ በቃን ስትሉ አልሰሟችሁም።"

ሊቀመንበሩ ሳሉ። አክስቴ ወደ አገር ቤት የምታሳይበትን ስልክ ወደ ጣሪያው አዞረችው። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው "እውነቷን ነው! እኔንስ በልጄ ክርስትና መች ሰማኝ!" አለ። ሳቅ ከወንዶቹ በኩል ተነሣ፣ ወደ ሴቶቹ ተዛመተ፤ እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ነጭ ለባሾቹም ምክንያቱን ሳያውቁ በትህትና ፈገግ አሉ። ስልኩ ቀስ ብሎ ከጣሪያው ወረደ።

በማግሥቱ አክስቴ ይቅርታ ልትጠይቅ አገር ቤት ደወለች። ማኔጀርነቱን አንድም ቀን አምነን አናውቅም አሏት።

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?" ብላ ጮኸች።

"ስታወሪው ደስ ይልሽ ነበራ" አሏት። አክስቴ የቀረውን ቀን ሁሉ አኩርፋ ዋለች።

በዚያ ሳምንት ለቅሶ ሊደርሱን ከመጡት መካከል አንድ ሽማግሌ ከሚስታቸው አጠገብ ተነሥተው እኔ ያለሁበት ጥግ መጥተው ተቀመጡ። ለዓመታት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው።

"የእኔንም ጻፊልኝ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ደህና ነዎት።"

"ለዚያ ነው አሁን የምነግርሽ። ልጆቼ 'የትራንስፖርት ባለሙያ' ብለው ሊያስነብቡኝ ነው። ታክሲ ነጂ በይ፣ በቃ።"

"እሺ። ሌላስ?"

ሽማግሌው ወደ ሚስታቸው ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንድ ጊዜ፣ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ፣ የቁማር ማሽን ላይ ተቀምጫለሁ። እሱም ይነበባል?"

"እርስዎ ካሉ ይነበባል።"

ሚስታቸውን ደግመው አዩ።

"እንግዲያው ይነበብ" አሉ፤ "እሷ ከቀደመችኝ ብቻ።"