መንጋጋዬና እልልታዬ

በእኛ ቤት ሰርግም ይሁን ክርስትና እልልታውን የማቀልጠው እኔ ነኝ። ሌላው ያግዛል እንጂ አይጀምርም። ሐኪሙ ወደፊት የወጣውን የታች መንጋጋዬን ቆርጦ በብሎን ሲያስተካክለው የታናሽ እህቴ ሰርግ ጥቂት ወራት ነበር የቀረው። ቀጠሮውን ባሳልፈው እንደገና እስከ መቼ ልጠብቅ? ሥጋ በወጉ ማኘክ ካቃተኝ ስንት ዘመኔ! እደርሳለሁ ብዬ ገባሁበት። እማዬ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ «እግዜር የሠራውን መንጋጋ ማን አፍርሺው አለሽ?» እያለች ሸኘችኝ።

ስነቃ ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል፣ ጥርሶቼ በላስቲክ ታስረዋል። ከንፈሬና አገጬ የሌላ ሰው ሆነዋል፤ ብቆነጥጣቸው አይሰማኝም። ምግቤ በሲሪንጅ የምጨምረው አጥሚት ብቻ ሆነ።

እማዬ የአጥሚት እህል ልትገዛ በምንኖርበት አውሮራ ከተማ ሃቫና ስትሪት ወዳለው የሐበሻ ሱቅ ስትሄድ ማስክ አድርጌ ተከተልኳት። ባለሱቋ አጥሚት የሚለውን ከመስማቷ ከባንኮኒው ወጥታ «እሰይ! እንኳን ማርያም ማረችሽ! ምን ወለድሽ?» ብላ አቀፈችኝ። ባል እንኳ የለኝም! አፌ ታስሮ «ምም! ምም!» ከማለት ሌላ ምን አቅም አለኝ? እማዬ በሳቅ ሞታለች። ንድድ ብዬ ማስኬን አውልቄ ፊቴን ባሳያት ሴትየዋ ደረቷን ይዛ «ውይ በሞትኩት! ማነው እንዲህ የመታሽ?» አለች።

ሙሽራዋ እህቴ እዚሁ ሰው አገር ተወልዳ ያደገች ናት፤ በአማርኛ ብናወራትም የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ልታጽናናኝ ብላ የድሮ እልልታዬን ከቪዲዮ ቆርጣ ለዲጄው እንደምትሰጠው ነገረችኝ። በስፒከር? እኔ በሕይወት እያለሁ? ተዝካሬን የደገሰችልኝ ነው የመሰለኝ።

ላስቲኩ ሲፈታ አፌ ጣት አያስገባም ነበር። በጥርሶቼ መሃል ስስ እንጨት እየደራረብኩ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ሐኪሙን እየረገምኩ መንጋጋዬን ማላቀቅ ያዝኩ። ዴንቨር የምሠራበት ሆቴል ስደርስ መኪናዬን ፓርክ አደርግና መስኮቱን ዘግቼ እልልታዬን እሞክራለሁ። ምራቅና ንፋስ ብቻ! ምላሴ ይዞራል፣ ከንፈሬ አይታዘዝም። ሐኪሙም ነርቩ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል ብሎኛል። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። አንድ ጠዋት ግን ከንፈሬ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ፤ ስሜቱ እየተመለሰ ነው! መሪውን ይዤ ብቻዬን ሳቅኩ።

የሰርጉ ቀን አዳራሹ በር ላይ ሙሽሮቹ ቆሙ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዲጄው እጁን ማሽኑ ላይ አድርጎ ትእዛዝ ይጠብቃል። «ቆይ!» ብዬ በእጄ አስቆምኩት። አገጬ ግማሹ አሁንም ደንዝዟል። እማዬ ጆሮዬ ሥር «ተይው ልጄ፣ ይቅርብሽ» አለችኝ። ይቅርብሽ? አፌን ከፈትኩት። መጀመሪያ ቀጭን ሆኖ ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ የማውቀው ድምፄ ጣሪያውን ነካው። እልልልልል! አዳራሹ በሙሉ ተቀበለኝ፤ እማዬም አብራ አቀለጠችው።

ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ትገባለች፤ ወጉ ነው። የኔዋ ግን ቬሏን ወደኋላ ወርውራ፣ የባሏን እጅ ለቃ፣ ከአፏ ወጥቶ በማያውቅ በተኮላተፈ አማርኛ «እህቴ ናት! እህቴ ናት!» እያለች ጮኸች።