የማን ስንዝር?

መጋረጃ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ «እመት ስንዝር» ይላታል። ሜትር የላትም ማለት አይደለም፤ አላት፣ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ትውላለች፤ ግን ለጌጥ ነው። የምትለካው በእጇ ነው። ደንበኛ ቤት ትገባለች፣ ወንበር ላይ ትወጣለች፣ አውራ ጣቷንና ትንሿን ጣቷን ወጥራ መስኮቱን ከላይ እስከ ታች ትሰነዝረዋለች፣ «ዘጠኝ ተኩል» ትላለች፣ አለቀ። በሠላሳ ዓመት አንድም መጋረጃ አጥሮባት አያውቅም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች።

የቸገራት ስልኩ ነበር። እግሯ የስፌት መኪናው ላይ፣ ጆሮዋ ስልኩ ላይ፤ ትዕዛዝ ተቀብላ ትረሳለች፣ ለአንዱ የቀጠረችውን ሰዓት ለሌላው ትሰጣለች። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ሄዱ። በዚህ መሀል የልብስ ፋብሪካው «ነይ ተቀጠሪ» አላት። ቀኑን ሙሉ እጅጌ ብቻ መስፋት! የራሷን ሱቅ በራሷ ቁልፍ ስትከፍት ለኖረች ሴት ይህ ከእስር አይሻልም። ግን ኑሮ ግድ ይላል።

«እማዬ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው። ስልኩን የሚይዝልሽ ሰው ያስፈልግሻል» አለቻት ልጇ።

«እኔ ሎሚ አልሸጥም!»

ልጅ እናቷን ታውቃታለችና አልተከራከረችም፤ በኢንተርኔት ፈልጋ ረዳት አገኘችላት። ረዳቷ ሌላ ከተማ የምትኖር፣ ድሮ ጸሐፊ የነበረች፣ አሁን ከቤቷ ሳትወጣ የትንንሽ ነጋዴዎችን ስልክና መልእክት የምትይዝ የሁለት ልጆች እናት ናት። እመት ስንዝር በአካል አይታት ስለማታውቅ «ሩቋ» ብላ ስም አወጣችላት።

ሩቋ ጉድ ናት! ያዘዟትን ነገር ቃል ሳታጓድል ትፈጽማለች። በሁለት ሳምንት ቀጠሮው ሁሉ መስመር ያዘ፤ የሸሹት መመለስ ጀመሩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ አዲስ የሚከፈት ክሊኒክ ከነ አሥራ ሁለት መስኮቱ ይዛ መጣች። እመት ስንዝር ጮቤ ረገጠች። ትንፋሿ ሲመለስ ግን ፍርሃቱም አብሮ መጣ።

«ስሚኝ የኔ እናት፣ ይሄ ሥራ ከሰመረ ሱቄ ይተርፋል። ለፋብሪካው ‹እሺ፣ መጣሁ› የሚል ደብዳቤ ከአሁኑ ጻፊና አስቀምጪ። ቅዳሜ መጋረጃው ተሰቅሎ ካላማረ ትልኪልኛለሽ።»

«እሺ እትዬ» አለች ሩቋ።

ክሊኒኩ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ የእመት ስንዝር ጉልበት ደግሞ በዚያ ሰሞን አሟት ነበር። ስለዚህ «የያንዳንዱ መስኮት ቁመት ስንት ስንዝር፣ ወርዱ ስንት ስንዝር እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ ሌላውን ለእኔ ተይው» ብላ አዘዘች። ሩቋም እንደታዘዘችው ጠየቀች። ከክሊኒኩ ነርስ መልሱ ተቆጥሮና ተሰድሮ መጣ። አሥር ስንዝር፣ አሥር ስንዝር፣ ስምንት ስንዝር...

ረቡዕ ጠዋት እመት ስንዝር ሰማያዊውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ጨርቅ ነጋዴው ዘንድ ከዚህ ዓይነት የቀረው ይህ አንድ ጣቃ ብቻ ነበር። መቀሱን ስታነሳ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ! ቆርጠዋል?»

«ልቆርጥ ነው።»

«በፈጠረዎት መቀሱን ያስቀምጡ! አሁን ነገሩ ከንክኖኝ የምግብ ጠረጴዛችንን ለካሁት። በእኔ ስንዝር ዘጠኝ ነው፤ በባለቤቴ ሰባት ተኩል!»

«ሠላሳ ዓመት በስንዝር ስሰፋ...»

«በእርስዎ ስንዝር ነዋ! እነዚህ ግን የክሊኒኩ ነርስ ስንዝሮች ናቸው። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠይቄ ነበር፤ ቁመቱ በር አያስገባውም አሉኝ!»

እመት ስንዝር ትንሿን እጇን አየችና መቀሱን አስቀመጠች። በዚህ እጅ ቆርጣ ቢሆን አሥራ ሁለቱም መጋረጃ መስኮቱ መሀል ላይ ይቀር ነበር።

እንደገና እንዳያስለኩ ሕንጻው ተቆልፏል፤ ቁልፉ ነርሱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ነርሱ ለሥልጠና ርቆ ሄዷል፤ የሚመለሰው ቅዳሜ ነው።

«በቃ፣ አለቀልኝ» አለች።

«ቆይ እትዬ፣ ሰውየው ቢሄድም እጁ አብሮት ነው የሄደው!»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ፎቶ መጣ። አንድ የኮምፒውተር ወረቀት፣ እላዩ ላይ ጣቶቹ እስከ መጨረሻ የተወጠሩ ትልቅ እጅ። የወረቀቱ ርዝመት የታወቀ ነው፤ ሩቋ ከእሱ ተነስታ አሰላችው። «የእሱ ስንዝር ሃያ አምስት ሳንቲ ነው። የእርስዎስ?» እመት ስንዝር ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ለካች። ልክ ሃያ።

«እንግዲያው የእሱ አሥር፣ ለእርስዎ አሥራ ሁለት ተኩል ነው!»

«አንቺ ሴት!» ብላ ጮኸች፤ ጎረቤቷ ጫማ ሰፊ አደጋ የደረሰ መስሎት ብቅ አለ። «ካሁን ወዲያ አንድ ነገር ሳዝሽ ዝም ብለሽ እሺ አትበይኝ። ‹የማን?› ‹የቱ?› እያልሽ አፋጥጪኝ፤ ብቆጣም ጠይቂኝ!»

«ጥሩ፤ አሁኑኑ ልጀምር። አሥራ ሁለተኛውን መስኮት የለካው ነርሱ አይደለም፤ ከፍ ያለ ስለሆነ መሰላል ላይ የነበረው ቀለም ቀቢ ነው አለኝ። ስልኩን የሚያውቅ የለም። ምን ይሻላል?»

ይህ ግን የእመት ስንዝር ሙያ ነው። አሥራ አንዱን በልኩ ቆረጠች፤ ለአሥራ ሁለተኛው ከጣቃው የተረፈውን በሙሉ ተወችለት፤ የታችኛውን ጠርዝ ሳትሰፋ ክር፣ መርፌና ስፒል ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ክሊኒኩ ውስጥ ቪዲዮ ከፍታ ሩቋን ከክፍል ክፍል አዞረቻት። በሄዱበት ሁሉ ሰማያዊው ጨርቅ ከመስኮቱ ግርጌ ላይ ልክ ገጥሞ ቁጭ ብሏል። ሩቋ ከወዲያ «እልል!» ስትል፣ ነርሱ እጁን እያገላበጠ ያያል። አሥራ ሁለተኛው አራት ጣት ተርፎ ወረደ፤ እመት ስንዝር የጉልበቷን ነገር ረስታ መሰላል ላይ ወጣች፣ ጠርዙን እዚያው ሰፋችው። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ቀና ብላ አየችና «የኋላው ሕንጻ ሠላሳ መስኮት አለው፤ እሱም ላንቺ ነው» አለቻት።

እመት ስንዝር መሰላሉ ላይ እንዳለች ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። እንባዋ ይወርዳል፣ እሷ ትስቃለች።

«ሰምተሻል? ሠላሳ! ያንን የፋብሪካውን ደብዳቤ አሁኑኑ አጥፊልኝ!»

ሩቋ ፊቷን ከካሜራው ዘወር አደረገች።

«አልሰማሽኝም እንዴ? ያስጻፍኩሽን ደብዳቤ!»

«አልጻፍኩትም እኮ፣ እትዬ።»

«እንዴት? ያዘዝኩሽን አስቀርተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች ሩቋ። «እሱን ግን እጄ እምቢ አለኝ።»