«ተቀመጥ!» ያልኳቸው ዳይሬክተር

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ዳይሬክተራችንን «ተቀመጥ!» ብዬ ጮህኩባቸው። አዎ፣ ራሳቸውን ሀጂን። ያውም ተማሪ ፊት...

እኔ ጅማ ውስጥ ጊንጆ ጉዱሩ አካባቢ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሀጂ ደግሞ ከተማው የሚያከብራቸው፣ ወላጅ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያናግራቸው ሰው ናቸው።

ልጆቻችን «ቲቸር ልውጣ?» ብለው ይወጡና አጥሩ ሥር ያለው የዘይቱን ዛፍ ላይ ተሰቅለው ነበር የሚገኙት። ስለዚህ ሀጂ ዘንድሮ «በክፍለ ጊዜ መካከል መውጣት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ማህተም መትተው በየክፍሉ በር ላይ አስለጠፉ። እኛ መምህራን ደስ አለን፣ ልጆቹም ለመዱት።

ኢፍቱ የምትባል ተማሪ አለችኝ። ኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ስትጠየቅ በሹክሹክታ የምትመልስ ልጅ ናት። አንድ ቀን ሽንቷ መጣባት። ሕጉን ስለምታውቅ ሳትጠይቅ ዝም ብላ ያዘችው... አመለጣት። ልጆቹ ሳቁባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረች።

እናቷ መጥታ ቢሮ ውስጥ አለቀሰች። «ዩኒፎርሟን አልጋ ሥር ደበቀችው። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች! ያ ረቢ... ምን ላድርግ ሀጂ?»



ያን ሰሞን ለመምህራንና ለርዕሰ መምህራን የሚሆኑ መጻሕፍት በካርቶን መጥተውልን ነበር። ስለ ልጆች ደህንነት፣ ስለ ትምህርት ቤት አመራር ምናምን። መቼም አንደባበቅ፣ እኛ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲመጣ ፈርመን እንቀበልና መደርደሪያ ላይ እንደረድረዋለን፣ አቧራው ያነበዋል። ሀጂ ግን አንዱን ይዘው ሰነበቱ። ሻይ ሲጠጡም እሱን፣ ሰልፍ ሲጠብቁም እሱን። አንድ ቦታ ላይ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲጠላ እስቲ እሱ በሚቀመጥበት ተቀምጠህ ዋል የሚል ምክር አለው። እኔ ብሆን «አሪፍ ነው» ብዬ ገጹን እገልጥ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ሀጂ የኢፍቱ ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። ወንበሯ ከማነሷ የተነሳ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«ሀጂ፣ ትልቅ ወንበር ላምጣልዎት?»

«የለም ቲቸር። ዛሬ ተማሪ ነኝ፣ እንደማንኛውም ልጅ ቁጠሪኝ።»

መጀመሪያ በየመሀሉ ወደሳቸው እያየሁ ነው ያስተማርኩት። ልጆቹ ግን ቶሎ ለመዷቸው። አጠገባቸው ያለችው ልጅ ቦርሳዋን መሀል አስቀምጣ ድንበር ሁሉ አበጀችባቸው። ከእረፍት በኋላ እኔም ረስቻቸው ሰሌዳ ላይ መቀነስ እየጻፍኩ ነበር። ከኋላ...

«ቲቸር፣ ልውጣ?»

«ተቀመጥ!»

ዞር እንኳ አላልኩም። አፌ ለምዶታላ! ክፍሉ ጸጥ ሲል ነው የነቃሁት። ብዞር... ሀጂ ብድግ ብለው ከነበሩበት ቀስ ብለው እየተቀመጡ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ውይ! ሀጂ በአላህ ይቅርታ! ይውጡ እንጂ!»

«አይ፣ ሕግ ነው» አሉ። ከዚያ በሩን አዩና ፈገግ አሉ። «ማህተሙም የኔ ነው።»

እስኪደወል ተቀመጡ። እግራቸውን አጣመሩ፣ ፈቱ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ግንባራቸው በላብ ራሰ። ደወሉ ሲደወል ሀጂን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጡ አየኋቸው።

ተመልሰው መጡ። «አልሐምዱሊላህ፣ ለጥቂት ደረስኩ» አሉኝና በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ቦጨቁት። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ሄዱ፣ የሁሉንም ቦጨቁ።

ከሰዓት ኢፍቱ ቤት አብረን ሄድን። ልጅቷ መጋረጃ ኋላ ተደብቃለች። ሀጂ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና ለመጋረጃው ያወሩ ጀመር።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ ያንቺ ቦታ ላይ ዋልኩ። ልውጣ ብል ቲቸርሽ ከለከለችኝ።»

አንድ ዓይን ብቅ አለ። እኔን ገላመጠኝ።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ... አመለጠኝ።»

«ሱሪዎት ላይ?!»

«ሱሪዬ ላይ።»

እናትየው በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ። ኢፍቱ ከመጋረጃው ወጥታ ሀጂን ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አይዞዎት» አለቻቸው።

በማግስቱ ዩኒፎርሟን ለብሳ መጣች። ሀጂ የግቢው በር ላይ ቆመው ሲቀበሏት፣ ያቺ በሹክሹክታ የምታወራ ልጅ እዚያ ለነበረው ልጅ ሁሉ «ሀጂም አምልጧቸዋል እኮ!» ብላ ለፈፈች። ልጆቹ ሁሉ ወደ ሀጂ ዞሩ። አንዱ ደፋር፣ «እውነት ነው ሀጂ?» አላቸው።

ወላጆች ቆመዋል፣ ጥበቃው ቆሟል። ሀጂ «እውነት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ በኢፍቱ የሳቀ ልጅ የለም። በሷ መሳቅ በሀጂ መሳቅ ሆነ።

ወሬው ግን እግር አለው። ገበያ ደረሰ፣ መስጊድ ደረሰ። አርብ ሀጂ ከጁምዓ ሲወጡ አንድ ሽማግሌ ጎትተዋቸው፣ «ለፊኛ ፍቱን የሆነ መድኃኒት አለኝ» ብለዋቸዋል አሉ። ሀጂም «ጀዛከላህ» ብለው አመስግነው ተቀብለው ቤታቸው ገቡ!

እኔ ግን አልቻልኩም። ቢሮ ገብቼ፣ «ሀጂ፣ ኧረ እውነቱን ይናገሩ፣ ስምዎት እኮ ነው!» አልኳቸው።

ከመጽሐፋቸው ቀና አሉ።

«የቱን እውነት? ደወሉ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ እኮ እውነት ነበር።»

ሰው ለስሙ ሲሟገት ብዙ አይቻለሁ... ስሙን ለአንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ መርቆ ሲሰጥ ግን ያየሁት ሀጂን ብቻ ነው።