ብርቄ ያጠለቀችልኝ እንጨት

ባለፈው ሰሞን ከልጅ ልጄ ከሜሮን ጋር ሽንኩርት ልገዛ ቡራዩ ገበያ ወጥቼ ነበር። ሻጯ በኦሮምኛ ጠራችኝ፤ እኔም በኦሮምኛ መለስኩላት። ዋጋ ላይ ስንከራከር ድምፃችን ከፍ አለ፣ ከዚያም ተሳሳቅን። ሜሮን ገና ሰባት ዓመቷ ነው። ቀሚሴን ሳብ አድርጋ፣ "አያቴ፣ ሰው እያየን ነው እኮ። ቢሄቭ!" አለችኝ።

"እማማ፣ ልጅቷ ተቆጣችዎት" ብላ ሻጯ ሳቀች። እኔ ግን ሳቄ ጠፋ። ሽንኩርቴን ተቀብዬ ሄድኩ። ይህ ሁሉ ዕድሜ አልፎ፣ ልጅ አድርሼ፣ ያ ቃል ዛሬም አንገቴ ላይ ይከብደኛል። ለምን እንደሆነ ለሕፃን አይነገርም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

እኔና ጓደኛዬ ብርቄ የተፍኪ ገበሬዎች ልጆች ነን። ሰባተኛ ክፍል ስንደርስ ወላጆቻችን ሰበታ ላይ አንዲት ክፍል ተከራዩልን። እሁድ እሁድ ስንቃችንን ይዘን እንመጣለን፤ ሽሮ፣ በሶ፣ ፍስክ ሲሆን ደግሞ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ። የምንተኛው አንድ ፍራሽ ላይ ነበር። የተፍኪን ጥቁር ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጫማ ይውጣል። በክረምት ብርቄ ከፊት ከፊቴ እየሄደች ደረቅ ደረቁን ትመርጥልኝ ነበር። እኔም የምረግጠውን ሳላይ እከተላታለሁ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥራቸውን ይወዱ ነበር። "ቋንቋ የሚለመደው በመናገር ነው" አሉና ከተሰበረ ወንበር ላይ አንድ ቁራጭ እንጨት ወስደው ሲባጎ አሰሩበት። በነጭ ቀለም በእንግሊዝኛ "ቢሄቭ" ብለው ጻፉበት። ትርጉሙንም አስረዱን። ቃሉ ስለ ሰው አኳኋን የሚናገር ነው፤ አኳኋን መልካምም ክፉም ሊሆን ይችላል። ለብቻው ለሰው ሲነገር ግን መልካሙን መጠየቅ ነው። "እኛስ 'ሰው ሁን' እንል የለ? ሁላችንም ሰው ነን፤ ግን ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል" አሉ። ይህን ማብራሪያ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። እንጨቱን ነው የማልወደው።

ደንቡ ቀላል ነበር። ግቢ ውስጥ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ሲናገር የተያዘ እንጨቱን አንገቱ ላይ ያጠልቃል። የሚገላገለው ሌላ ተናጋሪ ይዞ ሲያጠልቅለት ብቻ ነው። ያጠለቀው ራሱ በፈለገው ቋንቋ ይናገራል፤ አንዴ ተይዟላ። ስለዚህ እንጨቱን ያጠለቀ ልጅ ብቅ ሲል ሁላችንም እንበተን ነበር። ጨዋነት እናስተምራቸው ብለው ጓደኛን ማደን አስተማሩን።

በዚያ ዓመት እናቴ ታመመችና አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኛች። አባቴ ይመላለሳል፤ እኔን ግን "አንቺ ትምህርትሽን" እያለ አይወስደኝም። ታኅሣሥ ላይ ትምህርት ቤቱ የቅዳሜ ጉዞ አዘጋጀ፤ አዲስ አበባ ሙዚየም ታይቶ፣ ምሳ ገፈርሳ ግድብ ዳር ባሕር ዛፉ ሥር ሊበላ። አስተማሪያችን ጭንቀቴን ያውቁ ነበርና፣ "ሆስፒታሉ ከሙዚየሙ አይርቅም፤ እኔው ወስጄ አሳይሻለሁ" አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዓርብ የመጨረሻው ደወል ሲደወል እንጨቱ አንገቱ ላይ የተገኘ ልጅ ከጉዞው ይቀራል። ሳምንቱን ሙሉ አፌን ቆልፌ ሰነበትኩ። እናቴ የሽምብራ እሸት ነፍሷ ነው፤ ከቤት አስመጥቼ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩላት።

ዓርብ ከሰዓት ብርቄ ቧንቧው ጋ በኦሮምኛ ስትቀልድ ተያዘች። አዘንኩላት። አዲስ አበባን አይታ አታውቅም፤ ለጉዞው ብላ ቀሚሷን አጥባ አስጥታ ነበር። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ስፖርት ነበር፤ ሊያልቅ ሲል ከአጥሩ ሥር ብቻዬን ቆሜ ሳለሁ እየሮጠች መጣች። አንገቷ ላይ እንጨቱ የለም። እጆቿን ወደ ኋላዋ አድርጋለች።

"አስካለ፣ አባትሽ በር ላይ ቆመዋል" አለችኝ። "እያለቀሱ ነው። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀዋል።"

እኛ አገር ጋቢ የሚዘቀዘቀው ለምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። "አዮ! አዮ ሞተች?" ብዬ ጮህኩ። አዮ እናቴን የምጠራበት ነው፤ ኦሮምኛ ነው። ጩኸቴን ሳልጨርስ ሲባጎው አንገቴ ላይ አረፈ።

እንጨቱ ደረቴን እየመታኝ እስከ በሩ ሮጥኩ። አባቴ የለም። ዘበኛው ኦቦ ቶላ ደንግጠው ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ሂንጂሩ፤ ማንም የለም፣ ልጄ። ማን መጣ አለሽ?" አሉኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ እናቴ አልሞተችማ! ወዲያው ደወሉ ተደወለ።

ለአስተማሪው እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ "አሁን ለአንቺ ብዬ ደንቡን ባፈርሰው ነገ ማን ይሰማኛል?" አሉ። ለቅሶዬ አልቆም ሲል፣ "ቢሄቭ፣ አስካለ" አሉኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ብርቄ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ "እሸቱን ልውሰድላት?" ስትል ጠየቀችኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ወሰደችው። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ከእናቴ የተላከ ብርቱካን አቀበለችኝ። በእኔ ፈንታ ሆስፒታል ገብታ ኖሯል።

"ደህና ናቸው። እሸቱን በሉ፤ መረቁሽም" አለችኝ።

"ልጄ ለምን ቀረች አላለችሽም?"

"አሉኝ። ትንሽ ጠባይ አጉድላ ተቀጥታ ነው አልኳቸው። ምን ልበላቸው ታዲያ?"

ከሁሉም ያቃጠለኝ ይህ ነው። ውሸቷን ይቅር እል ነበር፤ ጉዞውንም እረሳው ነበር። እናቴ አልጋ ላይ ሆና በሩን በሩን ስታይ፣ ባለጌ ልጅ አለችኝ ብላ እንድታዝን ማድረጓ ግን አንጀቴን አሳረረው።

እናቴ ድና ለፋሲካ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲያ ብርቄ ሁለተኛ ልጇ ሆነች። "አንቺ ስትቀሪ የደረሰችልኝ እሷ ናት" ትለኝ ነበር፣ "እንደሷ ጠባይሽን አሳምሪ፣ ልጄ።" እውነቱ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ! መጀመሪያ ከሕመሟ ሳታገግም እንዳላስደነግጣት ፈራሁ፤ እየቆየ ደግሞ የልጅ ነገር መሰለ። ብርቄም የረሳችው ይመስለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

ዓመታት አለፉ። አግብቼ ቡራዩ ስኖር አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ መርዶውን ልትነግረኝ ከፊት የቆመችው ብርቄ ነበረች። "አስካለ፣ አዮ..." አለችና እንባዋ ቀደማት። እኔ ግን ቀድሜ ያየሁት ፊቷን አልነበረም። እጆቿን ነው ያየሁት። እጆቿ ባዶ ነበሩ። ባዶ መሆናቸውን ካየሁ በኋላም አፌ አልከፈት አለኝ። ሰው ሁሉ እየጮኸ እኔ ደርቄ ቀረሁ። ሊያለቅሱ የመጡ ሴቶች፣ "እንዴት ያለች ጨዋ ናት! ሐዘኗን በሥርዓት የያዘች" ሲሉኝ ሰማሁ።

ያን ዕለት ከገበያ ስንመለስ ሜሮን መንገድ ላይ እጄን ያዘችኝ። "አያቴ፣ ተቀየምሽኝ?"

"አልተቀየምኩም። ግን ቢሄቭ ማለት ምን ማለት ነው ብለው አስተማሩሽ?"

"ዝም ማለት።"

"አይደለም" አልኳት፣ "ሰው መሆን ማለት ነው።" ገባትም አልገባትም ራሷን ነቀነቀች።

ብርቄ ዛሬም አለች፤ ለበዓል ትደውልልኛለች፣ እኔም እመልሳለሁ። ለእናቴ ግን፣ አዮ ብዬ ጮኼ እስከ ዛሬ አላለቀስኩላትም።